ቤጂንግን በቡድንና በቁጠባ ለማየት፦ ርካሽ ፓኬጅ፣ ሱቅ አልባ ፓኬጅ ወይስ የራስ ቡድን?

ቤጂንግን መጀመሪያ ያየሁት ሃያ ሁለት ሰው ከያዘ ቡድን ጋር፣ በጣም ርካሽ በሆነ ፓኬጅ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ትንሽ ደብተር ከእጄ አይለይም፤ የደረስንበትንና የተነሣንበትን ሰዓት ሁሉ እጽፍ ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስደምር፣ ታላቁ ግንብ ላይ የቆየሁት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ወደ ግንቡ ስንሄድ የቆምንበት የጄድ (የጌጥ ድንጋይ) መሸጫ ብቻውን 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ወስዶብናል። የሐሩ፣ የሉሉ፣ የሻዩና የባህል መድኃኒቱ ሲደመርበት ሱቆቹ ከቤተ መንግሥቱም ከግንቡም በለጡ።

ሁለተኛ የሄድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እቁብ ጥለን፣ ስምንት ሆነን፣ ሁሉንም ራሳችን አዘጋጅተን ነው። በመካከሉ እህቴና ባለቤቷ ሦስተኛውን ዓይነት፣ ሱቅ የማይገባበትን ፓኬጅ ወስደው ተመልሰዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚበቃ ደረሰኝ ቤታችን ውስጥ አለ ማለት ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፤ የከፈልኩትን ገንዘብ፣ ላየው ብዬ በሄድኩት ነገር ላይ ለቆየሁበት ሰዓት አካፍለዋለሁ። በዚህ መለኪያ ርካሹ ፓኬጅ ከሦስቱ ውድ ሆኖ ይወጣል።

ርካሹ ፓኬጅ ለምን ረከሰ?

ቻይናውያን ራሳቸው ስም አውጥተውለታል፤ «ሊንግ ቱዋን ፌይ» ይሉታል፣ ዜሮ የቡድን ክፍያ እንደማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እዚያ ያለው ተቀባይ ድርጅት ቡድኑን በወጪው ልክ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ይረከባል፤ ጉድለቱን የሚሞላው ተጓዦቹ በየሱቁ ከሚገዙት ዕቃ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው። አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከዚያው ኮሚሽን ነው። ጠዋት ፈገግ ብሎ የተቀበለን ልጅ ከሰዓት በኋላ፣ ከሻይ ቤቱ ባዶ እጃችንን ስንወጣ፣ ለምን እንዳኮረፈ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው። ልጁን አልፈርድበትም፤ ቀኑን ሙሉ ያደረገው የራሱን ጉድለት መሙላት ነበር።

የጄዱን ክፍል ላሳያችሁ። አውቶቡሱ ሰፊ ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ሌሎች አሥራ አምስት አውቶቡሶች አጠገቡ አሉ። መግቢያው ላይ አንድ ሠራተኛ በመስታወት ጀርባ ሆኖ ድንጋይ ሲቀርጽ ይታያል፤ ከእርሱ በኋላ ቀራጭ የለም፣ የሻጭ መደርደሪያ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ሁለት አምባሮች በክር አንጠልጥላ ታጋጫለች። የመጀመሪያው እንደ ብርጭቆ ደብዘዝ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ሁለተኛው እንደ ትንሽ ቃጭል ይጠራል። «እውነተኛው ይህ ነው» ትላለች፤ ዋጋው 2,800 ዩዋን። እየተከራከሩ ወደ 900 ያወረዱት አንድ አባት ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ በአንድ የመንገድ ገበያ ተመሳሳዩን በ60 ሲያዩ ግን ምንም አልተናገሩም፤ እጅጌያቸውን ብቻ ወደ ታች ሳብ አደረጉት። የባህል መድኃኒቱ ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የልብ ትርታ ይዳስስና ከሃያ ሁለታችን የአሥራ ዘጠኛችን ጉበት እንደደከመ ይነግረናል።

የቻይና የቱሪዝም ሕግ ይህን ያውቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ በአንቀጽ 35 ላይ፣ ተጓዥን ከተገቢው በታች በሆነ ዋጋ አታሎ ከሱቅ ኮሚሽን ማትረፍን ይከለክላል፤ እንዲህ ተታሎ የገዛ ተጓዥም ጉዞው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን እንዲመልስለትና ገንዘቡን ቀድሞ እንዲከፍለው ድርጅቱን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አምባሩን በፖስታ ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱቆቹም ስማቸውን አሳምረዋል፤ በጉዞው ዝርዝር ላይ «የጄድ ሙዚየም»፣ «የሐር ፋብሪካ ጉብኝት»፣ «የሻይ ባህል ማዕከል» የሚል ካያችሁ ሱቅ ነው ብላችሁ አንብቡት።

በዝርዝሩ ላይ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። «ታላቁ ግንብ» ብሎ በየትኛው በር እንደምትወጡ ካልነገራችሁ ጠይቁ። ባዳሊንግ እንደ አውሮፓውያን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 የወጡበት፣ ሁልጊዜም የሚጨናነቅ ክፍል ነው። ሙትያንዩ ሰው ይቀንስበታል፣ ዙሪያው ደን ነው፣ በገመድ መኪና መውጣትም ይቻላል። ለከተማው ይበልጥ የሚቀርበው ጁዮንግጓን ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው እናቶች አይሆንም። ርካሾቹ ፓኬጆች ቅርቡን ወይም የተጨናነቀውን ይመርጣሉ። «በምርጫ» የሚለውን ቃልም ልብ በሉ፤ የሰርከስ ትርኢቱ፣ የዳክዬ እራቱ፣ በሰፈር ውስጥ የሪክሾ ሽርሽሩ ሁሉ በምርጫ ተብሎ ይቀመጣል፤ አልፈልግም ያለ ሰው ግን አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በየቀኑ ለአስጎብኚና ለሹፌር የሚሰበሰበው ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ በቻይና ጉርሻ መስጠት ልማድ ባይሆንም በውጭ ዜጎች ፓኬጅ ላይ እንደ ግብር ይሰበሰባል።

ሱቅ አልባው ፓኬጅ

ይህኛው በቻይንኛ «ቹን ዋን» ይባላል፤ ጨዋታ ብቻ እንደማለት ነው። ዋጋው ከርካሹ ከፍ ይላል፤ እህቴ ከእኔ ግማሽ ያህል ጨምራ ነው የከፈለችው። በምላሹ ግንቡ ላይ አራት ሰዓት ቆየች፤ የተከለከለው ከተማ በሚባለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ውስጥም እኛ ከደቡብ በር ገብተን በመካከለኛው መስመር ብቻ ሮጠን በሰሜን ስንወጣ እርሷ የሰዓቶቹንና የከበሩ ዕቃዎቹን አዳራሾች አየች። ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ሰው ባነሰ ቁጥር መጸዳጃ ቤት ላይ የሚጠፋው ጊዜ ያንሳል። ይህን የሚያውቀው በሃያ ሁለት ሰው ቡድን የሄደ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ሆቴሉ ነው። «አራት ኮከብ» ተብሎ የተሰጣቸው ሆቴል ከአምስተኛው ቀለበት መንገድ ውጭ፣ ከባቡር ጣቢያ ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ነበር። ማታ ከሆቴል ወጥተው ከተማዋን ማየት አልቻሉም። ስለዚህ ፓኬጅ ስትገዙ የኮከቡን ቁጥር ትታችሁ የሆቴሉን ስምና የቅርቡን የምድር ባቡር ጣቢያ ስም ጠይቁ። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የነጠላ ክፍል ጭማሪ መኖሩን አትርሱ፤ የቡድን ዋጋ ሁሉ የሚሰላው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ተብሎ ነው።

የራስ ቡድን፦ ሒሳቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነውና።

በፓኬጅ ማስታወቂያ ላይ በትልልቁ የሚጻፈው «የመግቢያ ክፍያን ያካተተ» የሚለው ነው። መግቢያዎቹን እስቲ እንደምራቸው። በሞቃቱ ወቅት፣ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ የተከለከለው ከተማ 60 ዩዋን ነው፤ በውስጡ ያሉት ሁለቱ አዳራሾች እያንዳንዳቸው 10። ባዳሊንግ 40። የሰማይ ቤተ መቅደስ ከነሙሉ ቅጥሩ 34። የበጋ ቤተ መንግሥት 30። ጂንግሻን ፓርክ 2 ዩዋን። ጠቅላላው 186 ዩዋን ነው፤ አንድ ዶላር ሰባት ዩዋን ገደማ ስለሆነ 27 ዶላር አይሞላም። የሚያስከፍለው መግቢያው አይደለም፤ አውሮፕላኑ፣ አልጋውና የደላላው ድርሻ ነው።

እኛ ስምንት ሆነን ለስድስት ሌሊት ያወጣነው በነፍስ ወከፍ እንዲህ ነበር። ከምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀለበት መንገድ መካከል፣ ለሁለት ሰው ክፍል 340 ዩዋን ስንከፍል ድርሻዬ 1,020 ሆነ። ምግብ በቀን 90 ሒሳብ 540። መግቢያ 186። ከካፒታል አየር ማረፊያ የሚመጣው ፈጣን ባቡር 25 ዩዋን ነው፣ ደርሶ መልስ 50። የምድር ባቡሩ ከ3 ዩዋን ጀምሮ እንደ ርቀቱ ይጨምራል፤ በስድስት ቀን 90 አወጣሁ። ከዴሸንግመን ወደ ባዳሊንግ የሚሄደው 877 ቁጥር አውቶቡስ 12 ዩዋን ነው፣ ደርሶ መልስ 24። ለሁለት ቀን እንግሊዝኛ የሚናገር ባለፈቃድ አስጎብኚ ይዘን በቀን 600 ከፍለን ለስምንት ተካፈልነው፣ 150 ደረሰኝ። ድምሩ 2,060 ዩዋን፤ 300 ዶላር የማይሞላ። የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ከዚህ ውጭ ነው፤ እርሱ ግን በሦስቱም ጉዞዎች አለ።

ግንብ ላይ አምስት ሰዓት ቆየን። ማታ ማታ ጂንግሻን ኮረብታ ላይ እንወጣ ነበር፤ የመጨረሻው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ እንደ አውሮፓውያን በ1644 ራሱን የሰቀለበት ኮረብታ ነው። ፀሐይ ስትገባ ከታች ያሉት የቤተ መንግሥቱ ቢጫ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ወደ መዳብ ይለወጣሉ። ይህን በሁለት ዩዋን የሚሸጥ ፓኬጅ አላየሁም።

የራስ ቡድን የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ዝግጅት ነው። የተከለከለው ከተማ በር ላይ ትኬት አይሸጥም፤ በፓስፖርት ቁጥር አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፣ ሰኞም ዝግ ነው። ትኬቱ ከሰባት ቀን በፊት በቤጂንግ ሰዓት ከምሽቱ 8፡00 ላይ ይለቀቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከቡድኑ ሁለት ሰው ለዚያች ሰዓት ይመደብ፤ በበዓል ሰሞን ደቂቃዎች ናቸው የሚለዩት። ቲያንአንመን አደባባይ ለመግባትም ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ክፍያ ሁለተኛው ነገር ነው። ቻይና ውስጥ ቆሎ ሻጩም በስልክ ነው የሚቀበለው። የስልክ መክፈያዎቹ አሊፔይና ዊቻት የውጭ ቪዛ ካርድና ማስተር ካርድ ይቀበላሉ፤ ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ይቆርጣሉ። ከመነሣታችሁ በፊት በፓስፖርት ተመዝግባችሁ ካርዱ በውጭ አገር የኢንተርኔት ክፍያ እንደሚሠራ ባንካችሁን ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ ሕጋዊ ነው፣ መልስ የሚሆን ዝርዝር ግን ሻጩ ብዙ ጊዜ የለውም። ሦስተኛው ስልክ ነው፤ ጎግል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ዝግ ናቸው። ከውጭ የተገዛ የሮሚንግ ዳታ ያለው ሰው ግን ይከፈትለታል፤ ከስምንቱ ሁለት ሰው ይህ ቢኖረው ይበቃል።

ሆቴሉ ደግሞ በደረሳችሁ ቀን ለፖሊስ ያስመዘግባችኋል። ሰው ቤት የምታድሩ ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ መመዝገብ አለባችሁ።

ሆድና ሰዓት

በርካሹም በሱቅ አልባውም ፓኬጅ ምሳ የሚበላው የሚሽከረከር መስታወት ባለው ክብ ገበታ ዙሪያ ነው። አሥር ሰው፣ ስምንት ሳህን፤ ቢያንስ በሁለቱ የአሳማ ሥጋ አለ። ለጾመኛ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ እንቁላል የተጠበሰበት ሩዝ ያመጣላችኋል፣ አትክልቱም በአሳማ ጮማ ሊጠበስ ይችላል። «ቹን ሱ» የሚለውን ቃል በስልካችሁ ላይ በቻይንኛ ጽፋችሁ አሳዩ፤ ከእንስሳት የሚገኝ አንዳች የሌለበት ማለት ነው። በቡድሃ ገዳማት አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የረቡዕና የዓርብ ችግር እዚያ ያበቃል። ሙስሊሞች «ቺንግ ዠን» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በኒውጂየ መስጊድ ዙሪያ ያለው ሰፈር በበግ ሥጋና በእጅ በተጎተተ ፓስታ የታወቀ ነው። እንዲህ መርጦ መብላት የሚቻለው በራስ ቡድን ነው፤ በፓኬጅ ገበታው የተወሰነ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሆቴላችን ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጂያንቢንግ ትሸጥ ነበር። ሊጡን ክብ ብረት ምጣድ ላይ ታፈስስና በትንሽ እንጨት አዙራ ታሰፋዋለች፤ አክስታችን አጠገቧ ቆመው እጇን ሲያዩ ቆዩና «ዓይኑን አላወጣችውም» አሉ። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ ያለው ወጥ ቀብታ አጥፋ ትሰጣለች፤ 9 ዩዋን። ለቁርስ ይበቃል።

የሰዓት ነገር ያስቃል፣ ያናድዳልም። አስጎብኚው «ሰባት ሰዓት» ሲል ጠዋት 7፡00 ማለቱ ነው፣ የእኛ አንድ ሰዓት። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት እናቶች ሰባት ሰዓት ማለት ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው ብለው ተኝተው አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ቆመ። ጄዱ ቤት ግን አንድ ደቂቃ አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው ከግንቡ ላይ ነው።

ቪዛና የመክፈያ ቀን

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሦስቱም ጉዞዎች ቪዛ ያስፈልገዋል። ወኪሉ ወረቀቱን ያዘጋጅላችኋል፤ ራሳችሁ ከሆናችሁ የአውሮፕላንና የሆቴል ቦታ መያዣ ታቀርባላችሁ። ዋናው ጥያቄ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በራስ ቡድን መልሱ በእጃችሁ ነው፤ በነፃ የሚሰረዝ ሆቴል ይዛችሁ ትኬቱን ከቪዛው በኋላ ትገዛላችሁ። በፓኬጅ ግን ቅድሚያ ክፍያው የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የተነገረ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸናም አብሮ ይጻፍ።

በአሜሪካ ያላችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ባለቤቶች ሌላ ዕድል አላችሁ። ወደ ሦስተኛ አገር የምታልፉ ከሆነ ያለ ቪዛ እስከ 240 ሰዓት፣ ማለትም አሥር ቀን፣ መቆየት ይቻላል። ከዋሽንግተን ቤጂንግ፣ ከቤጂንግ አዲስ አበባ የሚል ትኬት ይህን ያሟላል፤ ከዋሽንግተን ቤጂንግ ደርሶ መልስ ግን አያሟላም። አገር ቤት ለሚመጣ ቤተሰብ ከሦስቱም የሚረክሰው ይህ ነው።

ለማን የትኛው?

ወላጆቻችሁን የምትልኩ ከሆነ ሱቅ አልባውን ግዙ፤ ልዩነቱን ልጆች ተካፍላችሁ ሙሉ። ከስድስት እስከ አሥር የምትሆኑ፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ስልክ የሚችልባችሁ ጓደኞች ከሆናችሁ ራሳችሁ ሂዱ፤ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ አስጎብኚ ያዙ። ርካሹ ፓኬጅ የሚሆነው ብቻውን ለሚሄድ፣ ዕቃ ሲያቀርቡለት ቀዝቀዝ ብሎ «አይ» ማለት ለሚችል ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ግን በእኛ ቡድን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፣ እርሱም የመርካቶ ነጋዴ ነው። ዕቃ መግዛት ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ቤጂንግን ተዉአት፤ የአፍሪካ ነጋዴ መንደር የሆነው የጓንጁ ከተማ ሻዎቤ ሰፈር ሌላ ጉዞ፣ ሌላ ሒሳብ ነው።

ወራቱን በተመለከተ፣ ከእንቁጣጣሽ ማግስት እስከ መስከረም 20 ገደማ ያለው ጊዜ ይስማማል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሙቀቱም ቀዝቀዝ ብሏል። ከመስከረም 21 ጀምሮ የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንት ይገባል፤ እንደ አውሮፓውያን ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ የአልጋ ዋጋ ይዘላል፣ ግንቡ ላይ ድንጋዩ ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የሚታየው። መስቀልን ቤጂንግ ማሳለፍ ያሰበ ቡድን በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይሸክፍ። ከገና በኋላም ርካሽ ነው፤ የተከለከለው ከተማ መግቢያ ከኖቬምበር እስከ ማርች 40 ዩዋን ነው፤ ብርዱ ግን ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጋቢ አይመክተውም፣ ወፍራም ካፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

ለወኪሉ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት ሱቅ ላይ ትቆማላችሁ፣ በየትኛው የግንቡ በር ትወጣላችሁ፣ ግንቡ ላይስ ስንት ሰዓት ትሰጡናላችሁ። እኔ ይህን በአንድ ቀን ለአራት ወኪሎች ላክሁ። ሁለቱ ደውለው «ምንም አይጨነቁ» አሉኝ። አንዱ አልመለሰም። አራተኛው «ሱቅ የለም፣ ሙትያንዩ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጻፈልኝ፤ እህቴ የሄደችው በእርሱ ነው።